የጥቀርሻ ወናፍ፦ በጎንደር የተዘጋጀ የአንድ ምናባዊ ድራማ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ሳምንት 1፣ የካቲት

ሥራው 50 ደቂቃ የሚፈጅ ምናባዊ የመድረክ ድራማ ነው። ተዋንያኑ 7 ናቸው፤ በመዋጮ የተሰበሰበው ገንዘብ 12,000 ብር ነው፤ የሚታየውም ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ በሰፈራችን አዳራሽ ነው። ድርሰቱን የምጽፈውም የመድረኩን ዕቃ የምሠራውም እኔ በመሆኔ፣ የትኛው ስሕተት ከድርሰቱ፣ የትኛው ከሽቦውና ከእንጨቱ እንደመጣ ለመለየት ይህን ማስታወሻ መያዝ ጀመርሁ።

ታሪኩ በአጭሩ እንዲህ ነው። ግንብ ካላት ከተማ በላይ ባለው ተራራ ዘንዶ ሰፍሮ በየዓመቱ ግብር ይቀበላል። ጎፈር የደፉ ጦረኞች በየተራ ይወጣሉ፤ የሚመለስ የለም። በመጨረሻ የሚያሸንፈው በቀጥቃጩ ቤት ፍሙን የሚያቀጣጥለውን የቆዳ ወናፍ የሚነፋ፣ በስሙ የሚጠራው ሰው ስለሌለ ሁሉም ጥቀርሻ የሚለው ልጅ ነው። ዘንዶውን የቀዳሁት ከአርዌ አፈ ታሪክ ነው፤ በዚያ ተረት አንጋቦ አውሬውን የገደለው በጦር ሳይሆን መርዝ የበላች ፍየል በማብላት ስለሆነ፣ ጉልበት የሌለው ሰው የሚያሸንፍበት መንገድ በአገራችን ተረት ውስጥ ቀድሞም የተጠረገ ነው።

በመጀመሪያው ረቂቅ ጥቀርሻ ከአንድ ባሕታዊ ተአምረኛ ሰይፍ ተቀብሎ ዘንዶውን ይሠይፈዋል። ጽፌ ጨርሼ በማግስቱ ሳነበው አፈርሁ። ያንን ሰይፍ ለማንም ሰው ብንሰጠው ዘንዶው መሞቱ አይቀርም ነበር፤ ስለዚህ የተመሰከረው የሰይፉ ዋጋ እንጂ የልጁ አይደለም። በሁለተኛው ረቂቅ ንቦችን አመጣሁ። ጎንደሬ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ በ1880 ዓ.ም. ድርቡሾች ከተማዋን ሲያቃጥሉ ደብረ ብርሃን ሥላሴን የንብ መንጋ እንዳዳነው ይነገራል፤ ተመልካቹ ንብ ሲያይ ወዲያው እንደሚገባው እርግጠኛ ነበርሁ። ሆኖም ንቡ ከውጭ የመጣ ረድኤት ነው፤ እሱ ሲሠራ ጥቀርሻ ጥግ ቆሞ ከማየት በቀር ሥራ አልነበረውም። ሁለቱንም ትቼ አንድ ደንብ አወጣሁ፦ ልጁ የሚያሸንፈው በተናቀበት በዚያው ሥራ መሆን አለበት፤ ተመልካቹም ሌላ ሰው ሲያመሰግነው ሰምቶ ሳይሆን ሲሠራ አይቶ ማመን አለበት።

በዚሁ ሳምንት ረቂቁን ለአንድ የሰፈር አዛውንት አነበብሁላቸው። «ይህማ የካሳ ታሪክ አይደለም እንዴ?» አሉኝ። የኮሶ ሻጭ ልጅ ተብሎ የተሰደበው ካሳ ኃይሉ በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ ቴዎድሮስ ተብሎ መንገሡን እዚህ የማያውቅ ልጅ ስለሌለ፣ ማንኛውም የተናቀ ጀግና በጎንደር መድረክ ላይ ሲወጣ መጀመሪያ የሚታሰበው እሱ ነው። እኔ ግን የፈራሁት ይህንኑ ነበር። ካሳ ጦር ነበረው፤ ኮሶውም ስድብ እንጂ መሣሪያ ሆኖ አላገለገለውም። ለእኔ ድራማ የሚቀርበው ምናልባት የቴዎድሮስ መድፍ ሴባስቶፖል የተሠራበት የጋፋት ምድጃ ነው። ቢሆንም ስሙንም ጥላውንም ከድርሰቱ ውስጥ አላስገባሁም።

ሳምንት 2

ወናፍ መሥራት ግድ ሆነ። የውሸት ወናፍ ከካርቶን ለመሥራት አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ተዋናዩ እውነተኛ አየር ሲገፋ ትከሻው የሚያሳየውን ልፋት ካርቶን አይሰጥም።

ከሥጋ ቤት 2 የፍየል ቆዳ በ120 ብር ገዛሁ። ቆዳው ሆዱ ላይ ተሰንጥቆ የተገፈፈ ስለነበር ዝርግ ነው፤ እሱን አጥፌ በወፍራም ክር ሰፋሁት። ስነፋው አየሩ በመርፌው ቀዳዳ ሁሉ ወጣ። ስፌቱን በሰም ለወስሁት፤ ሰሙ ሲደርቅ ተሰነጠቀ። የጭነት መኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ ቆርጬ በስፌቱ ላይ ለጠፍሁበት፤ ቆዳውና ላስቲኩ እኩል ስለማይተጣጠፉ በሦስተኛው ቀን ተላቀቁ። አራት ቀን ከንቱ ቀረ።

በመጨረሻ ከመጀመሪያው ማድረግ የነበረብኝን አደረግሁና ከከተማ ወጣ ብሎ ወደሚሠሩ አንድ ሽማግሌ ቀጥቃጭ ሄድሁ። ቆዳዬን ገልብጠው አዩና፣ «ልጄ፣ ይህ መደብ ላይ ቢያነጥፉት ይሻላል፤ ወናፍ በስልቻ አገፋፈፍ ነው» አሉኝ። ፍየሉ ሆዱ ሳይሰነጠቅ፣ ቆዳው ከኋላ እግሮቹ በኩል ተገልብጦ እንደ ካልሲ መውጣት አለበት፤ ያኔ ስፌት የሚያስፈልገው እግሮቹ ላይ ብቻ ነው። «አባባ፣ ሁለቱን በአንድ እጅ መንፋት አይቻልም?» ብዬ ስጠይቃቸው ሳቁብኝ። ሁለት ስልቻ የሚያስፈልገው አንዱ ሲጫን ሌላው እየተነሣ አየር እንዲሞላ ነው፤ ፍሙ ያለማቋረጥ ትንፋሽ ማግኘት አለበት። የስልቻው አፍ ላይ ሁለት ቀጫጭን እንጨቶች ይታሰራሉ፤ እጅ ሲነሣ ይከፈታሉ፣ ሲጫን ይዘጋሉ። የነፊው ሙያ በዚያ መክፈቻና መዝጊያ ላይ ነው። ቀጥቃጩ መዶሻውን አስቀምጦ ማረፍ ይችላል፤ ወናፍ ነፊው ግን ለአፍታ እንኳ ቢሳሳት ብረቱ ይቀዘቅዛል።

ይህን ስሰማ የድራማው መፍቻ ተገኘ። ዘንዶውም እሳት የሚተፋው በትንፋሽ ነው። ጦረኞቹ ጥፍሩንና ጥርሱን ሲያዩ፣ ትንፋሹን የሚያዳምጥ ሰው አንድ ብቻ ነው፤ ዕድሜ ልኩን ትንፋሽ ሲቆጥር የኖረው ልጅ።

ሳምንት 3 እና 4

ዐቢይ ጾም ገባ። ሥጋ ቤቶች ተዘጉ፤ በስልቻ የተገፈፈ ፍየል ማግኘት የዋዛ አልሆነም። ከአንድ ሙስሊም ሥጋ ቤት ባለቤት ጋር ተነጋግሬ፣ አገፋፈፉ ጊዜ ስለሚወስድ የድካሙን ጨምሬ ለ2 ስልቻ 400 ብር ከፈልሁ። በጨው አሽቼ ለሳምንት ጥላ ላይ አቆየሁት፤ ጠጉሩን ካነሣሁ በኋላም እንዳይገግም ቅባት እያስነካሁ በእጄ ደጋግሜ አለዘብሁት። ሽታው ቤተሰቡን አስቀየመ፤ ወናፉ እስኪደርቅ ድረስ ከጓሮ እንዳላስገባው ተነገረኝ።

አየሩን ወደ ፍሙ የሚያደርሰውን የሸክላ ቧንቧ ከወለቃ አመጣሁ። ወለቃ የሸክላ ሥራ የሚታወቅበት የቤተ እስራኤል መንደር ነበረ። እግረ መንገዴን የተናቀ ሙያ የሚለውን ነገር ሳሰላስል መጣሁ፤ የ17ኛውን ክፍለ ዘመን ግንቦች ሲያነሡ ከዋሉት እጆች መካከል የቤተ እስራኤል አናጺዎችና ግንበኞች ይገኙበታል፤ ለእነሱና ለቀጥቃጩ የተረፈው ግን ቡዳ ነው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል የሚል ወሬ ነበር። በድራማው ከተማም ሰዎች ጥቀርሻን የሚሸሹት በዚህ ምክንያት ነው። ነገሩ ተረት ብቻ ስላልሆነና ዛሬም የሚታማበት ሰው ስላለ፣ «ቡዳ» የሚለውን ቃል በአንድም ተዋናይ አፍ ላይ ላለማድረግ ወሰንሁ።

በምትኩ ንቀቱን በእጅ አሳየሁት። የመጀመሪያው ረቂቅ ጥቀርሻ በአምስት ትዕይንት ተከታትሎ የሚሰደብበት ነበር፤ ልምምድ ላይ ስናየው ከሁለተኛው በኋላ አሰልቺ ሆነ፣ ተመልካች ለልጁ ከማዘን ይልቅ ለደራሲው ማዘን ይጀምራል። አራቱን ሰረዝሁ። አሁን ያለው አንድ የቡና ትዕይንት ነው፦ ሲኒው ከአቦል እስከ በረካ ሦስት ጊዜ ሲዞር ሦስቱንም ጊዜ እሱን ያልፈዋል፤ ማንም ክፉ ቃል አይናገርም። ማረሻ የሚገዛው ገበሬም ገንዘቡን በልጁ እጅ ሳይሆን መሬት ላይ ያስቀምጣል፤ ጥቀርሻም ምንም እንዳልተፈጠረ አንሥቶ ይቆጥረዋል። ይህን ሲለማመዱ አዳራሹ ጸጥ አለ።

ሳምንት 5

የዘንዶው አጽም። ርዝመቱ 5 ሜትር፣ ሦስት ሰው ከውስጥ የሚሸከመው። 6 የቀርከሃ ዘንግ በ720 ብር፣ 2 ኪሎ ሽቦ በ560 ብር ገዛሁ። ቀርከሃውን ሰንጥቄ፣ ውኃ ውስጥ አሳድሬ፣ በቀለበት አጎበጥሁት፤ በደረቁ ለማጉበጥ የሞከርኋቸው ሁለቱ ተሰብረዋል። ጭንቅላቱን በሽቦ ቀርጬ፣ ቁርጥራጭ ጋዜጣና ካርቶን በስንዴ ዱቄት ሙጫ እየነከርሁ አራት ድርብ ለበጥሁት። በሦስት ቀን ደረቀ፤ በጣም ያምር ነበር።

በአራተኛው ቀን ጠዋት የዘንዶው የታችኛው መንጋጋ አልነበረም። አይጥ በልቶታል። የስንዴ ሙጫ ምግብ መሆኑን የዘነጋሁት እኔ ነኝ። እንደገና ስሠራ ዱቄቱን ለውስጠኛው ድርብ ብቻ አድርጌ፣ የላይኛውን ሁለት ድርብ በአናጺ ኮላ ለበጥሁት፤ ሌሊትም በገመድ ከጣሪያ አንጠለጠልሁት። ዱቄቱ በአጠቃላይ 5 ኪሎ 450 ብር፣ ኮላው 3 ኪሎ 1,200 ብር ሆነ። ኮላውን ከመጀመሪያው ብገዛ ኖሮ የዱቄቱን ግማሽ አተርፍ ነበር።

ሳምንት 6 እና 7

መብራት። አዳራሹ ውስጥ እሳት ማንደድ ክልክል ነው፤ የምድጃውን ፍምም የዘንዶውን እሳትም በኤልኢዲ መሥራት ነበረብን። መብራት በመካከል ቢጠፋ ዘንዶው እንዳይሞት ደግሞ በባትሪ መሄድ አለበት። 5 ሜትር ርዝመት ያለው ባለ 12 ቮልት የኤልኢዲ ጥቅል 2 በ2,200 ብር፣ 12 ቮልት 7 አምፒር ሰዓት ባትሪ በ3,400 ብር ገዛሁ። ከመዋጮው ትልቁን ድርሻ የወሰደው ይህ ነው።

ሂሳቡን ሳላሰላ አንዱን ጥቅል ሙሉውን ዘንዶው ውስጥ ዘረጋሁት። ጥቅሉ በሜትር 14.4 ዋት ይበላል፤ 5 ሜትር 72 ዋት ነው፤ በ12 ቮልት ሲካፈል 6 አምፒር ይሆናል። በወረቀት ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ መቆየት ነበረበት፤ ነገር ግን ባትሪው ላይ የተጻፈው 7 አምፒር ሰዓት በዝግታ ሲወጣ የሚገኝ መጠን ስለሆነ፣ በ40 ደቂቃ ውስጥ እሳቱ ወደ ጧፍ ብርሃን ወረደ። ጥቅሉ በየሦስት አምፖሉ መቆረጥ ስለሚችል ቆርጬ 1 ሜትር ለጉሮሮ፣ 1 ሜትር ለደረት ብቻ ተውሁ። 2.4 አምፒር ሆነ፤ ለሁለት ልምምድ በቃ። በላዩ ላይ አቡጀዲ ስለጋረድሁበት ነጠብጣቡ ጠፍቶ አንድ ወጥ ፍም መሰለ።

ከዚያ የትንፋሹ ጉዳይ መጣ። ዘንዶው ሆድ ውስጥ የምናስገባው ሁለተኛ ወናፍ አለ፤ ከእነዚያ ከማይረቡት ዝርግ ቆዳዎች የተሠራው ነው፣ እዚህ አየር ቢያፈስም ግድ የለም። ከውስጥ ያለው ሰው ግራውን ሲጫን የደረቱ፣ ቀኙን ሲጫን የጉሮሮው መብራት እንዲበራ በየስልቻው ሥር የበር ደወል መጫኛ አስገባሁ፤ 2 በ160 ብር። በአሥር ደቂቃ ልምምድ አንደኛው ሞቆ ፕላስቲኩ ቀለጠ። የደወል መጫኛ ለአፍታ ለሚያልፍ ትንሽ ኤሌክትሪክ የተሠራ ነው፤ እኔ ደግሞ የመብራቱን ሙሉ ጭነት አሳልፌበት ነበር። አንድ የመኪና ኤሌክትሪሺያን የመኪና ሪሌ (በትንሽ ኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ማብሪያ) እንዳስገባ መከረኝ፤ 2 በ500 ብር። አሁን መጫኛው የሚያዝዘው ሪሌውን ብቻ ነው፤ ጭነቱን ሪሌው ይሸከማል። ሪሌው ሲሠራ «ቀጭ» ይላል፤ በስፖንጅ ጠቀለልሁት።

የዘንዶው ጉድለት እንዲህ ነው፦ ሦስት ጊዜ ከተነፈሰ በኋላ ቀኙ ስልቻ ሳይሞላ ይቀራል፣ ለሁለት ሰከንድ እሳቱ ይጠፋል። ጥቀርሻ የሚገባው በዚያ ክፍተት ነው። ይህን ለስድስት የሰፈር ልጆች አሳየኋቸው፤ ከጨረስን በኋላ «ለምን አሁን ገባ?» ብዬ ስጠይቅ አንዱ «ደፋር ስለሆነ» አለኝ፤ ሌሎቹም ተስማሙ። ክፍተቱን ወደ አራት ሰከንድ አስረዘምሁት፤ አንዲት ልጅ ብቻ ጠረጠረች፤ ዘንዶው ግን ያንቀላፋ መሰለ። ችግሩ የሰከንድ አልነበረም። ተመልካቹ ያላወቀውን ጉድለት በጦርነት መካከል እንዲያውቅ መጠበቄ ነበር።

ስለዚህ የመጀመሪያውን ትዕይንት እንደገና ጻፍሁት። መጋረጃው ሲከፈት የጥቀርሻ ወናፍ ራሱ የተቀደደ ነው፤ በየአራተኛው ትንፋሽ ፍሙ ይጠፋል፣ ቀጥቃጩ ይጮኽበታል። ልጁ ቆጥሮ፣ አዳምጦ፣ ቀዳዳውን በአውራ ጣቱ ይደፍነዋል፤ ፍሙ ይመለሳል። ሁለት ደቂቃ አይሞላም። ክፍተቱንም ወደ ሁለት ሰከንድ መለስሁት። በሚቀጥለው ሙከራ ሌሎች ልጆች አመጣሁ፤ ዘንዶው ሦስት ጊዜ ሲተነፍስ ሁለቱ ከወንበራቸው ተነሡ።

ሳምንት 9

የቀለም 1,350 ብር፣ የአቡጀዲ 10 ሜትር 1,300 ብር። የግንቡ ምስል በጨርቅ ላይ ተሣለ፤ ማዕዘኖቹ ላይ ክብ ጉልላት ያላቸው ማማዎች ስላሉበት ከፋሲል ግንብ መቀዳቱን ማንም አይስተውም፤ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

ተዋናይ ቀየርን። ጥቀርሻን የያዘው ወጣት ረዥምና ድምፁ የሚያምር ነው፤ መድረክ ላይ ሲወጣ ማንም ሊንቀው አልቻለም። የጦር አለቃውን ከሚጫወተው ጋር ቦታ አቀያየርናቸው። ተቀያሪው ቅር ብሎታል፤ ጎፈሩን ሲደፋ ግን ቅሬታው ቀለል አለ።

ሳምንት 11

ዘንዶው የሚሞትበት ትዕይንት። ጥቀርሻ በክፍተቱ ገብቶ የቆዳ ሽርጡን ጠቅልሎ የዘንዶው ጉሮሮ ውስጥ ባለው የሸክላ ቧንቧ ይወትፈዋል። ወናፍ መውጫው ከተደፈነ አየሩ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ይህን ከእሱ በቀር የሚያውቅ የለም። የዘንዶው ደረት በራሱ ትንፋሽ እንዲያብጥ ከአቡጀዲው ሥር ትልቅ የላስቲክ ከረጢት አስገብቼ ከወናፉ ጋር አገናኘሁት።

በሙሉ ልምምዱ ደረቱ በግሩም ሁኔታ አበጠ፤ አብጦም የከረጢቱ ጥግ ተተረተረና፣ በጨዋ ጽሑፍ ልገልጸው የማልችለው ድምፅ አሰማ። የጦር አለቃው ሬሳ ሆኖ ከተኛበት ሳቀ። ያን ቀን ልምምዱ በዚያው ተበተነ። ማታ ከረጢቱን በድርብ አድርጌ፣ አየሩ በዝግታ እንዲወጣ በጎኑ የእስክሪብቶ ቀፎ ሰካሁበት። አሁን ደረቱ ያብጣል፣ ለጥቂት ጊዜ ይቆያል፣ ከዚያ «እፍፍ» እያለ ይሟሽሻል፤ ከጉሮሮው መብራት ጋር እየደከመ ሲሄድ ከሰይፍ ሞት የተሻለ ሞት ሆነ።

በመጨረሻ ንጉሡ ጥቀርሻን የሚሸልምበት ንግግር ነበረኝ፤ አንድ ገጽ ሙሉ። ሰረዝሁት። ያየነውን ነገር ንጉሡ ደግሞ ከነገረን ማመናችንን ተጠራጥሯል ማለት ነው።

ሳምንት 12፣ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ

ታየ። ወንበሩ ሞልቶ ከኋላ የቆሙ ነበሩ። ሽማግሌው ቀጥቃጭ በፊተኛው ረድፍ ተቀምጠው ነበር፤ በመጀመሪያው ትዕይንት ልጁ ቀዳዳውን በአውራ ጣቱ ሲደፍን እሳቸውም የራሳቸውን አውራ ጣት ጉልበታቸው ላይ ተጫኑ።

በዘንዶው ትዕይንት የደረቱ ሪሌ አንድ ጊዜ ተጣብቆ መብራቱ ሳይጠፋ ቀረ፤ ከውስጥ ያለው ልጅ በቡጢ መትቶ አላቀቀው። በዚህ ምክንያት የመጀመሪያው ክፍተት አለፈና ጥቀርሻ መግባት ሲገባው ቆሞ ቀረ። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ላብ ሲያጠምቀኝ እሱ አልተደናገጠም፤ ጆሮውን አዘንብሎ እንደገና ከአንድ መቁጠር ጀመረ። አዳራሹም አብሮት ቆጠረ። ሦስተኛው ትንፋሽ ላይ ከኋላ አንዲት ሴት «ግባ በለው!» ብለው ጮኹ፤ እሱም ገባ። ደረቱ ሲሟሽሽ ደግሞ አንድ ጎልማሳ «የናቁት ያስረግዛል!» ብለው አዳራሹን አሣቁት፤ ተረቱ በድርሰቱ ውስጥ አልነበረም።

የኋለኛው ትዕይንት ቡና ነው። ሲኒው ይዞራል፤ ለጥቀርሻ ይደርሳል፤ እሱም ተቀብሎ ይጠጣል፤ መጋረጃው ይዘጋል። ንግግር የለም።

ሂሳብ፦ ጠቅላላ ወጪ 12,360 ብር፤ ከመዋጮው 360 ብር ከኪሴ ጨምሬአለሁ። የተጣበቀውን ሪሌ ፈትቼ አየሁት፤ የውስጥ መገናኛው ጠቁሯል፣ ይለወጣል። የወናፉ የግራ ስልቻ በእግሩ ስፌት በኩል አየር ማፍሰስ ጀምሯል። የሚቀጥለው ሳምንት አዘዞ ስለምናሳይ፣ ሐሙስ ጠዋት ስልቻውን ይዤ ወደ ሽማግሌው እሄዳለሁ።